የጋሽ ገዱ ለቅሶ

— ሄሎ?… ሄሎ፣ ማን ልበል?… ያርጋል! ኧረ ያርጋል ነው! ወይኔ ወንድሜን! እግዜር ያጽናህ!… ያጽናህ፣ ያጽናህ! የመጨረሻ ሐዘን ያድርግልህ!

— አዎ፣ ሩመይሳ ነኝ። ሌላ ማን ይሆናል?… "ምን ነካሽ" አትበለኝ፣ ዝም ብለህ ስማኝ።… (አዎ የሺወርቅ፣ እሱ ነው! ድምፁ? ድምፁ እንዴት ይሆናል ብለሽ ነው፣ አባቱን ያጣ ሰው ድምፅ ነዋ። በጣም ተጎድቷል።)… ይኸው ያርጋል፣ ሁሉም "አይዞህ" እያሉህ ነው። ሰማህ?

— ሁሉም ማን? ሁሉም ነዋ! የኮዲንግ ሥልጠና ካምፑ በሙሉ።… አይ፣ ክፍል ውስጥ አይደለንም። ሚኒባስ ውስጥ ነን።… ወዴት? እስቲ ገምት። ፕሮግራመር አይደለህ?

— ቆይ፣ ድምፄን ልቀንስ። የኋላ ወንበር ላይ ነኝ፣ ሙሰዓብ አጠገቤ ነው።… (ሙሰዓብ፣ እባክህ ትንሽ ወደ መስኮቱ ጠጋ በል። ሰውዬው እያለቀሰ ነው፣ ሲሰሙት ያፍራል።)… እሺ። አሁን ስማኝ። ወደ እናንተ እየመጣን ነው። ለቅሶ ልንደርስ።

— የማን ለቅሶ? የአባትህ! የጋሽ ገዱ!… ደህና መሆናቸውንማ እኔም አውቃለሁ። ሐሙስ ዕለት "ዝናብ ሳይመጣ ከአባቴ ጋር ገብስ ልወቃ ነው፣ ለማንም እንዳትናገሪ" ብለኸኝ ሄድክ አይደል? የማያውቁት እነዚህ ናቸው። እነዚህ ደግሞ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላ አዘቅዝቀው ነው የተሳፈሩት። ሙሰዓብ እንኳ ያንን ቀይ ኮፍያውን ትቶ መጥቷል። ለአባትህ የተከፈለ መስዋዕትነት ነው።

— እንዴት ማለት ምን ማለት ነው? በገዛ ጣትህ አይደል የላክኸው! ቲቸር አሻግሬ የሠራውን፣ ቀን ከሌት የሚመካበትን የፈቃድ መጠየቂያ አፕ ረሳኸው? አንድ ቀን ከቀረህ ከካምፑ ትባረራለህ፣ በቃ፣ ወሬ የለም። ፈቃድ የሚሰጥህ፣ ሰው ሲሞትብህ ብቻ ነው። እሱም ያገኘኸው ሰው አይደለም። አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት። አጎት የለም። አክስት የለም። ገብስማ ጭራሽ የለም።

— አጎትህን ነበር ልትገድል ያሰብከው?… ጎሽ፣ ሩኅሩኅ ነህ።… እና አጎት ከሌለ አባት ለምን? ወንድም አለ፣ ወንድም ደግሞ የለህም፣ ማንም አይጎዳ!… ምን?… ከላይ ስለነበረ?… ያርጋል፣ አባትህን የገደልካቸው ዝርዝሩ ላይ አንደኛ ስለተጻፉ ነው?… "ሳልመርጥ ላክ የሚለውን ነካሁት"። ወይ ጉድ! ለአፓችን መግቢያ ገጽ ሰማያዊ ቀለም ሲመርጥ ግማሽ ቀን የፈጀ ሰው፣ አባቱን ሳይመርጥ ይልካል!

— አዎ፣ ቲቸር ትናንት አጸደቀልህ። አጸደቀልህና አፑ በራሱ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጠፈው። "የሰልጣኝ ያርጋል ገዱ ወላጅ አባት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ካምፓችን የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል።" ከሥሩ ሻማ አለው። የሻማው እሳት ይወዛወዛል። ኢንተርኔቱ አንድ ቪዲዮ መክፈት ያቃተው ካምፕ፣ ሻማ ለማወዛወዝ አላነሰውም።

— ደውዬልህ ነበር እንጂ! ከትናንት ጀምሮ ስደውል፣ ያቺ ሴትዮ "የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም" ትለኛለች። "አባትየውን ነው ወይስ ልጁን?" ልላት ምንም አልቀረኝም።… አሁንስ ከየት ነው የምትደውለው?… አውድማው ላይ? ነፋስ ያለበት ኔትወርክም አለ በለኛ።… እና ምን ልትለኝ ነበር የደወልከው?

— "ኮዱ ሠራ ወይ?" ሱብሃነላህ!… ሠርቷል ያርጋል፣ እንዴት አይሠራም። አንተ ከሄድክ ጀምሮ አንድም ኤረር አላወጣም። ሐዘንህን አክብሮ ይሆናል። የሚኒባስ ወንበር ማስያዣ አፓችን በጣም ተሳክቷል፣ ይኸው የመጀመሪያው ሚኒባስ ሞልቶ ወዳንተ እየመጣልህ ነው።

— አትሳቅ! ኧረ አትሳቅ፣ ይሰሙሃል!… (ምን? አዎ፣ ሳግ ነው። ሳጉ ሲመጣበት እንደዚህ ያደርገዋል፣ ምስኪን።)

— እኔማ ያላደረግሁት የለም። የሚነዳው ወንድሜ ሱሌማን ነው፣ "ነዳጅ አለህ ወይ" አልኩት። "እስከ ጎንደር ደርሶ መልስ ይበቃል" አለኝ። በሕይወቱ ነዳጅ ሞልቶ የማያውቅ ልጅ! ከዚያ አቅለሸለሸኝ ብዬ አስቆምኳቸው። የሺወርቅ ከቦርሳዋ ሎሚ አወጣች። ለቅሶ ስትሄድ ሎሚ የምትይዝ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ከዚያ ደግሞ "አሁን ሐዘኑ ትኩስ ነው፣ ለአርባው ብንሄድ አይሻልም?" አልኩ። "አንቺ ሙስሊም ስለሆንሽ የኛ ወግ አይገባሽም" ተባልኩ። ደባርቅ ተወልጄ፣ ከሱቃችን ፊት ለፊት ላለፈው ለቅሶ ሁሉ ድንኳን ስተክል አድጌ! ይሁን፣ አይገባኝም።

— የት ደረሳችሁ? ወቅን ልንገባ ነው።… (ሱሌማን! ቀስ በል እንጂ! ሰው ጭነሃል!)… እንዲያውም ፈጠነ። "ቀብር እንዳያመልጣችሁ ነው" አለኝ። ቀብሩ እንዳለፈ ሦስቴ ነግሬዋለሁ።

— ለምን ታዲያ እውነቱን አልነግራቸውም?… ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ራሴን ስጠይቅ ነበር። ካወቁ ትባረራለህ፣ አንደኛ እሱ ነው። ፕሮጀክቱን ሰኞ የምናቀርበው ጥንድ ሆነን ስለሆነ እኔም ካንተ ጋር እወጣለሁ። እሱም ይሁን፣ ከሱቅ ወጥቼ ሱቅ እመለሳለሁ። ግን ከፊት ማን እንደተቀመጠ ታውቃለህ?… ሊድያ።

— አዎ። የዛሪማዋ ሊድያ።… አሁን ሳቅ እስቲ።

— እኔም እሱን ነው የምልህ። እናቷ ያረፉ ጊዜ ምን እንዳደረግን ታስታውሳለህ አይደል? እኛ ካምፕ ውስጥ ያኔ ሞት የሚባል ነገር ቀልድ ሆኖ ነበር። የሺወርቅ ለእህቷ ሰርግ ለመሄድ እህቷን ራሷን ገደለች፣ ሙሽራዋን! ሙሰዓብ የወንድሙን የዘከሪያን የጫማ እቃ ሊያራግፍ ዘከሪያን ገደለው። ቲቸርም ዝም ብሎ ያጸድቃል፣ አፑ ሲሠራ እያየ ደስ ይለዋል። ሊድያ "እናቴ" ብላ ስትጠይቅ ሰርግ መሰለን። "ድግሱ የት ነው?" ብለን ግሩፑ ላይ ጻፍንላት። ዳንስ የሚደንስ ምስል የላከላትም አለ።… አዎ አንተ ነህ፣ ስምህን ላልጠራው ነበር።

— ጸጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ ስትመጣ ነው የገባን። ከኛ አንድ ሰው እንኳ አልሄደላትም ያርጋል። ብቻዋን ቀብራ፣ ብቻዋን ተቀምጣ፣ መጣችና አጠገቤ ቁጭ ብላ "ትምህርቱን ፎር ሉፕ ላይ ነው ያቆማችሁት?" አለችኝ። እኔም "አዎ" አልኳት።

— ትናንት ያንተ ሻማ ሲመጣ አንዱ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ሊድያ ብድግ አለች። "ያርጋል ብቻውን አያለቅስም" አለች። ይህን ብቻ ነው ያለችው። ከሷ በኋላ "ውሸት ይሆን?" ብሎ የሚጠይቅ ማን ደፋር አለ? ቲቸር አሻግሬ እንኳ ቅዳሜን ሙሉ ክፍሉን ዘግቶ አብሮን ተሳፍሯል። ይህ ሰው መብራት ጠፍቶ በሻማ ያስተማረን ሰው ነው። አሁን ሊድያ ንፍሮ ቀቅላ፣ በሰሀን ከድና፣ እንደ ሕፃን አቅፋ ይዛዋለች። እና አንተ ንገሪያቸው ትለኛለህ።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ?… እ።… እ፣ ምን ታስባለህ?

— ምን?… አባትህን ጭድ ውስጥ?… ልትደብቃቸው!… እሺ፣ ከዚያ እንገባለን፣ "ነፍስ ይማር" እንላለን፣ ጭዱ ያስነጥሳል! ሌላስ?… "የሟች ወንድም ነኝ ይበሉ"። ጎረቤቱስ? "ጋሽ ገዱ እንደምን ዋሉ" ብሎ ላለፈ ሰው ሁሉ ምን ልትለው ነው?… ያርጋል፣ አባትህ ፋይል አይደሉም፣ ስማቸውን ቀይረህ ሌላ ፎልደር ውስጥ አታስቀምጣቸውም!

— አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረህ። የት ናቸው አሁን?… በሬዎቹ ጋ።… ከጠራሃቸው ይሰሙሃል?… እንግዲያው ንገራቸው።… አይ፣ አሁን! እኛ በጩኸት ገብተን ራሳቸው በር ላይ ሲቀበሉን ከሚያውቁት፣ ካንተ ይስሙት።… "ሟርት ነው" ይሉኛል? ሟርቱንማ ሐሙስ ጨርሰኸዋል፣ አሁን የቀረው ዜናው ነው።… ጥራቸው። አልዘጋም፣ እጠብቃለሁ።

— …

— (እየጠበቅሁት ነው የሺወርቅ። አቋረጠ፣ ሰው መጣበት መሰለኝ። ሎሚ አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ።)

— ሄሎ?… ነገርካቸው?… አቤት?… አቤት ጋሼ! ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ!… ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ።… እርስዎ ደህና ነዎት?… ደህና ነዎት? እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።… አዎ፣ የያርጋል ጓደኛ ነኝ፣ ሩመይሳ።… ደህና ናቸው አባቴም፣ እናቴም።… ሱቁም ደህና ነው።… ከብቶቹስ?… ጎሽ። ገብሱስ?… ጎሽ፣ ጎሽ።… አዎ ደመና አለ፣ እዚህም ይታያል።… ወንድሞቼም ደህና ናቸው፣ አንዱ ይኸው መኪና ይነዳል።…

— (አጎቱ ናቸው! አጎቱ! ሰላምታ ላይ ነን፣ ቆዩ።)

— ጋሼ፣ ያርጋል አልነገረዎትም እንዴ?… "ይፈልጉሃል" ብሎ ስልኩን ሰጥቶዎት ሄደ። ወደ በሬዎቹ።… ጀግና ወልደዋል።… አይ፣ ደግ ነገር ነው፣ ማለቴ ደግ አይደለም፣ ግን አይደንግጡ።… ማን ሞተ ነው የሚሉኝ?… እንዴት ልበልዎት ጋሼ። ትንሽ ድምፄን ቀንሼ ነው የምነግርዎት፣ ይቅር ይበሉኝ።… እርስዎ ነዎት።

— አዎ፣ እርስዎ። ጋሽ ገዱ።… ሐሙስ ዕለት ነው ተብሏል።… በምን? ሕመምዎን አልጻፈም።… እሱ ነዋ፣ ልጅዎ!… ገብሱን ሊወቃልዎት። ብቻዎን ሆነው ዝናቡ እንዳይቀድምዎ ብሎ።… አዎ፣ ቤተሰብ ካልሞተ በቀር አይለቁንም።… ለውቂያም የለም፣ ለአጨዳም የለም።… ማን ነው ያወጣው? "ከላይ የመጣ ነው" ይላሉ።… ላዩ የት እንደሆነ እኔም አላውቅም ጋሼ።

— ይስቃሉ?… እየሳቁ ነው እንዴ?… ወይ ጋሼ!… ሙሉ ሚኒባስ ነን፣ የቀረ ሰው የለም።… አዎ፣ ያለቀሰም አለ። የሺወርቅ የምትባል ልጅ ከደባርቅ ጀምራ ነው።… ከልቧ ነው፣ አዎ።… አታውቅዎትም፣ እንዲያው ሆደ ባሻ ናት።… ደስ አለዎት? እንግዲህ እንኳን ደስ አለዎት፣ ለሁሉም ሰው አይሳካም፣ የራሱን ለቅሶ ቆሞ ማየት።

— ማን ነው ያሰባሰባችሁ?… ሊድያ የምትባል አለች። የዛሪማ ልጅ ናት።… አይ፣ የሥጋ ዘመድ አይደለችም። እናቷ በቅርብ ጊዜ አርፈውባት ነው፣ ስለዚህ…… የሷማ እውነት ነው ጋሼ። የሷ እውነት ነው።

— …ምን አሉኝ?

— …

— አይ።… አልሄድንም።… ማንም።… አዎ፣ እኔም አልሄድኩም።… እሺ።… እሺ።… መገንጠያው ላይ።… እርስዎም? ገብሱስ?… እሺ ጋሼ። እሺ።

— …ያርጋል? ተመለስክ?… ሰማህ የጠየቁኝን?… "ለእሷስ ደረሳችሁላት ወይ?" ነው ያሉኝ። እንዲህ ቀስ ብለው።… አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን በራሳቸው ሞት ሲስቁ የነበሩ ሰውዬ፣ በሊድያ እናት ሞት ሳቃቸው ቆመ።… አፈርኩ ያርጋል። በጣም ነው ያፈርኩት። ቀልድ ሁሉ አለቀብኝ።

— ቆይ። ሁሉም እኔን እያዩ ነው።… ምን አድርጌ? እንባ ነው እንዴ? አላወቅሁትም።… ሊድያ ዞረች።… (ምን አልሽኝ ሊድዬ?)… ያርጋል፣ "ስልኩን ስጪኝ፣ እኔ ላጽናናው፣ እኔ አውቀዋለሁ" እያለችኝ ነው። እጇን ዘርግታለች።… አይ። አይ፣ ይህን አልችልም። የፈለግኸውን በል፣ እሷን አልዋሽም።… ተባረር! እኔም ልባረር! እንዳትዘጋው፣ ቁጭ ብለህ ስማ።

— (ሊድያ። ጋሽ ገዱ አልሞቱም።… አዎ። አሁን ያናገርኳቸው እሳቸው ራሳቸው ናቸው፣ አጎቱ አይደሉም።… ገብስ ሊወቃ ነው የሄደው። ለገብስ ፈቃድ የለማ። እኔ ከሐሙስ ጀምሬ አውቃለሁ።… ይኸው ነው። ይኸው ነው ሊድያ።)

— …ሄሎ? ትሰማኛለህ?… ሱሌማን መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመው። ወንድሜ የሰው ለቅሶ ተሰረዘ ሲባል ሰምቶ አያውቅም።

— ቆይ፣ የሺወርቅ እየተናገረች ነው።… እህቷ አልሞተችም አለች። እንዲያውም እርጉዝ ናት አለች።… እኛማ እናውቃለን፣ ቲቸር ነው አሁን የሰማው።… ሙሰዓብ እጁን አወጣ። ክፍል መሰለው።… "ዘከሪያ ጎንደር ጫማ ይሸጣል" አለ። ቲቸር አሻግሬ የራሱን ጫማ አየ። ሙሰዓብ ነው ከወንድሜ ዘንድ በቅናሽ ላምጣልህ ብሎ ያመጣለት።… መሃል ወንበር ላይ ደግሞ አንዱ እናቱን አስነሳ። ወላሂ ያርጋል፣ በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ይህን ያህል ሙታን ሲነሱ አይተህ አታውቅም።

— ቲቸር? ቲቸር "በካምፑ ደንብ መሠረት" ብሎ ጀመረና ሊድያን ሲያያት ተወው። "ሰኞ ቢሮ እንነጋገራለን" አለ።… ትባረራለህ? እኔ እንጃ። የዋሸውን ሁሉ ካባረረ ያን ሻማ ብቻውን ሲያስተምረው ይኖራል።

— ሊድያ ምን አለች?… ፊቷን ወደ መንገዱ መልሳለች።… "ይቅርታ በይልኝ"? ራስህ በላት! ያን የሚደንስ ምስል ስትልክላት በኔ በኩል ላክኸው?

— ሙሰዓብ "እንግዲህ እንመለስ፣ ምን እንሠራለን" አለ። ሰማኸው?… ቆይ።… (ሙሰዓብ፣ እኔ ግን አልመለስም። ጋሽ ገዱ አንድ ነገር ጠይቀውኛል፣ ለኔ ብቻ የሚከብድ ስላልሆነ ልንገራችሁ። "ለእሷስ ደረሳችሁላት ወይ?" ነው ያሉኝ። "አይ" ነው ያልኳቸው። መንገድ ላይ ወርደው ይጠብቁናል። ገብሱን በላስቲክ ሸፍነው ዛሪማ እንሄዳለን ብለውኛል። እኛ ብንቀርም ብቻቸውን ይሄዳሉ።)

— …

— አለሁ ያርጋል። አለሁ፣ ቆይ።… ሊድያ ተናገረች።… ሰማህ?… አልሰማህም። አባቷ እስካሁን ይጠይቋታል አለች። "ጓደኞችሽ መቼ ነው የሚመጡት?" ይሏታል በደወሉ ቁጥር። ምን ትያቸዋለሽ አልናት።… "ፈተና ላይ ናቸው እላቸዋለሁ" አለች።… ፈተና ላይ ናቸው። ለኛ ስትል አባቷን ዋሸች ያርጋል። እኛ ግሩፑ ላይ ስንደንስ፣ እሷ ዛሪማ ላይ ሰበባችንን ትሠራልን ነበር።



— …እሺ። ሱሌማን ሞተሩን አስነሳ። "ዛሪማ ነው አይደል? ሊማሊሞን በብርሃን ልወርድ ከሆነ አሁን ነው የምዞረው" አለ። ሊድያ ናት "መጀመሪያ ሰውዬውን እናንሳቸው" ያለችው።… አዎ፣ አባትህን። "ልጁንስ?" አላት ሙሰዓብ።… "አይምጣ" አላለችም።… እኔ ይህን እንደፈቃድ ነው የወሰድኩት፣ አንተም ሌላ አትጠብቅ።

— ገብሱ ቢዘንብበትስ?… እሱን ለአባትህ በላቸው። ወጥተዋል?… ሸፍነው ጨርሰዋል? ቀድመውሃል ማለት ነው! ታዲያ ምን ትሠራለህ እዚያ፣ ከበሬዎቹ ጋር ልትማከር ነው?… ሩጥ!… ልብስ አትቀይር፣ ማን ሊያይህ ነው። እንዳለህ ና።

— እየሮጥክ ነው?… ትንፋሽህ ይሰማል።… እኔም አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከእንግዲህ ሰኞ የሚሆነው ይሁን። ብቻዬን አላቀርብም። ብባረርም ቅር አይለኝም ልልህ ነበር፣ ውሸት ነው፣ በጣም ቅር ይለኛል። ይህን ነገር ወድጄዋለሁ። ግን ዛሪማ ሳልደርስ ያን ላፕቶፕ ብከፍት እጄ የሚታዘዘኝ አይመስለኝም።

— መገንጠያው ይኸው።… አየኋችሁ። ጋቢ የለበሱት እሳቸው ናቸው?… ረጅም ናቸው እኮ! ራሳቸው ላይ ገለባ አለ።… (ሱሌማን፣ እዚህ ነው፣ እዚህ! አዎ፣ ሟቹ ናቸው።)… አንተ ምን ከኋላቸው ትቆማለህ፣ እናይሃለን እኮ።

— ቆምን። በሩ ተከፈተ።… ሊድያ ቀድማ ወረደች። ሌላው ሁሉ ተቀምጧል፣ ማንም ከሷ በፊት ሊወርድ አልደፈረም።… እጃቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። አነሷት።… ምን አለቻቸው? አንተ ቅርብ ነህ፣ ከዚህ አይሰማኝም።…

— "እንኳን ኖሩ"።… እንደዚያ ነው ያለቻቸው?

— …

— ያርጋል… እያለቀሰች ነው እንዴ?… ኧረ አምላኬ። ከዛሪማ ከተመለሰች ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አይተንባት አናውቅም እኮ።… ደረታቸው ላይ ነው ያለችው። እሳቸውም ዝም ብለው አቅፈዋታል፣ እንደ ልጃቸው።… አይ፣ አንተ ላይ ተናዳ አይደለም። አንተን እያሰበች አይደለም።

— ምን ልበላት?… ምንም አትበላት። ዛሬ ማንም ምንም እንዲላት አልፈልግም። ስልኩን ኪስህ ክተትና ሂድ አጠገቧ ቁም፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው እንደሚቆመው።… እኔም እየወረድኩ ነው። በቃ ያርጋል፣ ዝጋው።